የሉህ ውሃ የጠጣች ዋርካ

ሱኒል ቁልፉን የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ከትቶ የሄደው አውቆ ነው። እኔ ዛፍ ውሃ አላጠጣም ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነና ሊያገግም ጄኔቭ አጠገብ፣ ቶኔ፣ ልጁ ዘንድ ሄደ። አንድ ወር ይቆያል።

ሱኒል የስሪላንካ ሰው ነው። ዙሪክ፣ ቪዲኮን፣ አንድ ሕንጻ ላይ ነን፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ከልጄ ጋር፣ እሱ አንደኛ ፎቅ ብቻውን። ሃያ ዓመት አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ አብረን አጥፈናል፤ እሱ አንዱን ጫፍ ይዞ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ። በሃያ ዓመት ስለ ሃይማኖት አውርተን አናውቅም። የማሽኑ ጩኸትም አያስወራም።

ዛፏ የሱ አይደለችም። ዲቲኮን አጠገብ የቡድሃ መነኮሳታቸው የተከራዩአት ቤት አለች፤ ዛፏ የዚያ ቤት ናት። በብርዱ ወራት ቤቱ ስለማይሞቅላት ሱኒል ይወስድና ትልቁ መስኮቱ ሥር ያስቀምጣታል፤ ቅዝቃዜው ሲያልፍ ይመልሳታል። በሸክላ የተተከለች፣ በቁመት እኔን የምታህል ናት። ጠዋት ፊቷ ቆሞ እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ሲል አይቼዋለሁ። እኔ እስላም ነኝ። እዚያ ፊት ውሃ ይዤ አልቆምም አልኩ፤ አበቃ።

ልጄ ዘሃራ «አባ፣ ውሃ እኮ ነው፤ ውሃ ምን ሃይማኖት አለው?» አለችኝ።

«ይዞት የሚቆመው ሰው አለው» አልኳት።

ልጇ ሀያት ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትለቅም። «ኔይ፣ አይሆንም አባባ! ዛፉ ይሞታል። ሱኒል ይመጣል፣ ዛፉ የለም። ከዚያ ማን አደረገ? አባባ አደረገ።» እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛው እንደዚህ ነው፤ አጭርና የሚወጋ።

በአራተኛው ቀን ወረድኩ። ለዛፏ ብዬ አይደለም፤ ልጅቷ ስለነዘነዘችኝ ነው።

ቤቱ ታፍኗል። ያደረ የመብራት ዘይት ይሸታል። አፈሩ ደርቆ ከሸክላው ጠርዝ ለቋል። ውሃውን ሳፈስበት ድምፅ አወጣ፣ ከዚያ የአፈሩ ሽታ ተነሳ። መስኮቱን ትንሽ ልክፈት ብዬ ስንጠራራ ክርኔ አንድ ቅጠል ገነጠለ። ከተገነጠለበት ነጭ ወተት ወጥቶ እጅጌዬን ነካው። ይበክላል አይበክልም ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

የዋርካ ወተት ነው። ያው ራሱ። የሱኒል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከደሴ ወደ ቆላው ሲወርዱ አንድ መንደር ነበር፤ ስሙን ብጽፈው የሚያውቀው የለም። አባ ይመር እዚያ ነበሩ፤ የእናቴ አጎት ናቸው። እኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የጻፈልኝ ሰው የለም። ቁርአን ቤቱ በሳቸው መንደር ስለነበረ አባቴ ለአንድ በጋ ቁርአን ይቅራ፣ ይማር ብሎ እሳቸው ዘንድ አስቀመጠኝ። ጠዋት እቀራለሁ። ከሰዓት በኋላ ለአባ ይመር ውሃ እቀዳለሁ።

ውሃው ለቤት አልነበረም። መንገዱ ዳር የአንድ ሠርግ ሰው ሙሉ የምታስጠልል ዋርካ አለች። ሥሯ ላይ እስከ ወገቡ የተቀበረ ጋን ነበረ፤ አፉ በጣውላ ይከደናል፣ ከላዩ ቅል ይደፋበታል። ወደ ገበያ የሚወጣውም ከገበያ የሚወርደውም እዚያ ቁጭ ይላል፣ ይጠጣል፣ ያልፋል። ጋኑን የሚያስሞሉት አባ ይመር ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቅም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ምንጩ ከታች ነው። በላምባ ቆርቆሮ፣ በገመድ አንጠልጥዬ፣ ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ቆርቆሮው ቢታጠብ ቢታጠብ ላምባ ላምባ ይላል። አባ ይመር የመጀመሪያውን ይቀምሱና «ይሄስ እሳት ቢያይ ይነዳል» ብለው ዛፏ ሥር ያፈሱታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጋኑ ውስጥ ይገባል።

ማታ የሞላሁት ጋን ጠዋት ጎድሎ አገኘዋለሁ። ሸክላ ስለሚያልብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላውቅም። ዋርካዋ የምትጠጣው መሰለኝ። በከሰል ምልክት አደረግሁበት። በማግስቱ ከምልክቱ አንድ ጣት ወርዷል። ሮጬ ለአባ ይመር ነገርኳቸው።

«ዋርካዋ ጠጥታለች።»

«ታዲያ እሷስ አይጠማትም?» አሉኝ። ሲቀልዱ ነው። እኔ የምራቸውን መሰለኝና ያዝኩት።

የምንቀራው በሉህ ነው፤ በጥላሸት ቀለም በሚጻፍበት ጣውላ። የተጻፈልህን በቃልህ ስትይዝ ሉሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍልሃል። የታጠበበት ውሃ ቁርአን ስላለበት ሜዳ ላይ አይደፋም፤ እግር አይረግጠውም። በዚያ መንደር ከጥንት ጀምሮ የሚፈሰው ዋርካዋ ሥር ነበር። ልጆቹ ጥቁሩን ውሃ በጣሳ ይዘው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ እኔ እከተላቸዋለሁ። ፊደሉ በሥሯ ገብቶ፣ በግንዷ ወጥቶ፣ ቅጠሏ ላይ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። የወደቀ ቅጠል እያነሳሁ እመረምራለሁ። መሐሉ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር አሊፍ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። ከግራ ከቀኝ የወጡት እኔ ገና ያልደረስኩባቸው ናቸው።

እኔ የትም አልደረስኩም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ላይ ቆሜያለሁ። ሉሔ አንድ ቀን ታጥቦ አያውቅም፤ ቀለሙ ከእጄ ላብ ጋር ተጣብቆ አንጸባርቋል። ልጆቹ «አሊፍ መጣ! ቀጥ ብሎ መጣ!» ይሉኛል። በሄድኩበት ሁሉ አሊፍ ነኝ።

ሼኹ አዲስ ናቸው። ሩቅ አገር ቁርአን ቀርተው የመጡ ወጣት፤ ፂማቸው ገና አልሞላም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ልጅ ሲታመም ቤቱ ሄደው ራስጌው ይቀመጣሉ። ነገር ግን እገሌ ዛፍ ቅቤ ቀባ፣ እገሊት ክር አሰረች ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። «ሽርክ ነው፤ ከአላህ ጋር ሌላ ማጋራት ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔም ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው።

አባ ይመር ዓሱር ከሰገዱ በኋላ ወደ ዋርካዋ ይመጣሉ። ቅሉን ያጥባሉ። ቆርቆሮው ውስጥ የተረፈችውን ውሃ ሥሯ ላይ ያፈሳሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ግንዷ ላይ አድርገው ትንሽ ይቆማሉ። እኔ ቆርቆሮዬን ለመቀበል ከኋላቸው ነኝ፤ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። በየቀኑ የሚሉት ያው ነው፦

«አንቺ ባትኖሪ የት እንቀመጥ ነበር። ያበቀለሽ ይመስገን።»

ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። በደንብ ነው የሰማሁት። ጆሮዬ ደህና ነበር።

አንድ ጠዋት ሼኹ ቁርአን ቤት ውስጥ «ከናንተ መሐል ሰው ዛፍ ሲለማመን ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እጄን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁ አውቃለሁ። በሦስት ወር ውስጥ መልሱን የማውቀው ጥያቄ ሲጠየቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ተናገር ሰይድ።»

«አባ ይመር ዋርካዋን አንቺ ይሏታል።»

«አንቺ?»

«አዎ። እጃቸውን ያደርጉባትና፣ አንቺ ባትኖሪ የት እንቀመጥ ነበር ይሏታል። ውሃም ያጠጧታል።»

ሼኹ ከተቀመጡበት ተነስተው አጠገቤ መጡ። «ማሻ አላህ፤ ዓይንህ ክፍት ነው። ሌላስ የሚሉት አለ?»

ሌላ ነበረ። «ያበቀለሽ ይመስገን» ቀርቷል። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ሁሉ እኔን እያዩ ነው፤ አሊፍ የሚለኝ የለም። ያቺን ብጨምራት ነገሩ ተራ ነገር እንደሚሆን ገባኝ። ልጅ ነው፣ አላወቀም የሚል ይኖራል። አውቄያለሁ።

«ሌላ የለም» አልኩ።

ሼኹ ሉሔን ከእጄ ወስደው በገዛ እጃቸው አጠቡልኝ። አንድም ሳልይዝ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ውሃ ዛፍ ሥር እንዳታፈሱ» አሉና ጣሳውን ሰጡኝ፤ «አጥሩ ሥር ወስደህ አፍስሰው።»

አጥሩ ሥር ዶሮ ይጭራል። ዶሮ ቁርአን ይረግጣል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ አላውቅም። ተደብቄ ሄጄ ዋርካዋ ሥር አፈሰስኩት። አባ ይመር በወዲያኛው በኩል ተቀምጠው ኖሯል።

«ሰይዴ፣ ሉህህ ታጠበ?»

«ታጠበ።»

«አልሀምዱሊላህ! በል ቅራልኝ፤ ምን ያዝክ?»

«አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ብዬ ቆምኩ።

«ይህማ ትናንትም ነበረች» አሉና ሳቁ። እስኪያስላቸው ነው የሳቁት።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሰው መስጊዱ ፊት ተቀመጠ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ነበርኩ። ሼኹ አባ ይመርን በአክብሮት ነው የጠየቋቸው።

«አባ ይመር፣ አንቱ ዛፍ ያናግራሉ ይባላል።»

«አናግራለሁ።»

ሰው አጉረመረመ።

«ምን ይሏታል?»

«የሰማ አለ አይደል? የሰማው ይናገር።»

«ልጁ ተናግሯል።»

«ተናግሮ ጨርሷል?»

ይህን ሲሉ ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ እንደሁልጊዜው ነው ያዩኝ፤ ቆርቆሮው ስንተኛ እንደሆነ እንደሚጠይቁ ሁሉ። ሼኹም ዞሩ። ሽማግሌዎቹም ዞሩ።

«ሰይድ፣ የቀረ አለ?» አሉኝ ሼኹ።

ራሴን ነቀነቅሁ። የለም ማለቴ ነው።

አባ ይመር ያን ጊዜ ራሳቸው ቢናገሯት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተናገሩም። «ለራሴ አልመሰክርም» አሉ። ግትር ሰው ነበሩ። እናቴ በኋላ እኔን ስትቆጣ «የአጎቴ ደም» ትል ነበር።

ሼኹ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው። ዛፍ ብቻ ከሆነች መጥረቢያ ይያዙና አንድ ቅርንጫፍ በእጅዎ ይጣሉ። የሁላችንም ልብ ያርፋል።»

«ልጄ፣» አሉ አባ ይመር፣ «ይህች ዛፍ የስንት ልጅ ሉህ ውሃ ጠጥታለች። የነዚህን ሁሉ ጠጥታለች፤ የአባቶቻቸውንም ጠጥታለች። እኔ ይህን ያህል ቁርአን በጠጣ ነገር ላይ መጥረቢያ አላነሳም። አንተ የምታነሳ ከሆነ መጥረቢያው ቤት አለ፤ ሰይድ ያመጣልሃል።»

ሼኹ መጥረቢያ አላስመጡም። ከተቀመጡትም የጠየቀ አልነበረም። ግን አባ ይመር እስኪያስረዱ ድረስ ጥላዋ ሥር የሚቀመጥ፣ ከጋኑም የሚጠጣ እንዳይኖር ተባለና ሰው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። መንገዱ ከዋርካዋ በስተምሥራቅ ነው የሚያልፈው። ጠዋት ጥላዋ ወደ ምዕራብ ስለሚወድቅ ሰው በቀጥታ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጥላው እየረዘመ መንገዱን ይሻገራል። ሰውም ጥላውን እየዞረ መሄድ ጀመረ። ፀሐዩ ባዘቀዘቀ ቁጥር ዙሩ ይሰፋል። በሁለት ሳምንት ሣሩ ላይ የቀስት ቅርጽ ያለው አዲስ መንገድ ወጣ። አህዮቹ ግን አልገባቸውም፤ እንደ ልማዳቸው ጥላው ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። ባለቤቶቻቸው ፀሐይ ላይ ቆመው በገመድ ይጎትቷቸዋል፤ «ነይ ውጪ! ነይ አንቺ!» እያሉ። እኔ ጥላው ራሱ ሐራም የሆነ መሰለኝ። ውሃ ስወስድ እግሬ ጥላው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማኝ እጠብቃለሁ። ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ምንም አይሰማም።

ልጆቹ አሊፍ ማለታቸውን ተዉ። አሁን ሉሔ ላይ የተጻፈው ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱንም አላውቀውም። ሼኹ ባለ ክፍት ዓይን ነው ብለው ስላሳለፉኝ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተምረኝ አልነበረም። የጎደለኝን ለመናገር ሉሔ ለምን እንደታጠበ መናገር ነበረብኝ። ስለዚህ ከንፈሬን ብቻ ከልጆቹ ጋር አንቀሳቅሳለሁ። ዛሬ የዐረብኛ ጽሕፈቴ የሚንገዳገደው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ውሃ መቅዳቴ አልቀረም። ያው ሦስት ቆርቆሮ ነው።

«አባ፣ ማንም አይጠጣውም እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጋኑ ይህን አያውቅም። ሙላው።»

ሞላሁት። ማታ ያልተነካውን ውሃ ሁሉ ሥሯ ላይ ያፈሱታል፤ በማግስቱ እንደገና እሞላዋለሁ። በልጉ ዘገየ። ሣሩ ገለባ ሆነ፣ ምንጩ ቀጠነ፤ ዋርካዋ ግን እንደዚያን ዓመት አረንጓዴ ሆና አትታወቅም ተባለ። ሰው ይህንንም በክፉ አየው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። አባ ይመር መዳፋቸውን ግንዷ ላይ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ይቆማሉ፤ አይናገሩም። ሁለት እርምጃ ከኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። ምንም። ያቺን ቃል እኔ ከአፋቸው የወሰድኳት፣ አንዴ ለሰው የተነገረች ቃል ደግማ የማታገለግል መሰለኝ። ቀርቤ «ይበሏት እንጂ» ልላቸው ስንት ቀን አሰብኩ። ብላቸው እንደሰማሁ ሊታወቅ ነው። ተውኩት።

ሼኹን በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ እዚያ አየኋቸው። ከገበያ ሲመለሱ ነው፤ ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ጥላው ጫፍ ላይ ቆሙ። ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል።

አባ ይመር ከውስጥ «ግባ እንጂ፤ ጥላው የአላህ ነው» አሏቸው።

ሼኹ ጥላውን አዩት። ጋኑን አዩት። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ዞረው አለፉ። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በቀስቱ መንገድ ሄዱ።

አባቴ ሊወስደኝ የመጣ ዕለት የመጀመሪያው ዝናብ መጣ። ከበረዶ ጋር ነው የመጣው፤ የገበያ ቀን ነበር። ደመና ሲሆን ጥላ የለም፤ የሚዞሩት ነገር ጠፋ። በረዶው ራስ ራሳቸውን ሲላቸው ሁሉም ሮጠው ዋርካዋ ሥር ገቡ፤ ሴቶቹ፣ አህዮቹ፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች። ሼኹም ኪታባቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ። አባ ይመር ከተቀመጡበት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው በረዶውን ያያሉ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ጠይቁኝ ያለም የለም። አንዲት ሴት ቅሉን አንስታ ጠጣች፤ ከዚያ ለሌላዋ አቀበለቻት።

ሲያባራ አባቴ በቅሎው ላይ አወጣኝ። አባ ይመር ልጓሙን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙን። ልጓሙን ከመልቀቃቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰይዴ፣ ጆሮህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባ።»

«ደህና ከሆነ ጥሩ» አሉና ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የሱኒልን ቅጠል በናፕኪን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። በሳምንቱ በባቡር ወደ ጄኔቭ ሄድኩ። ልጁ ቤት ቶኔ ነው፤ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። እኛ የምንነጋገረው የማጠቢያ ቤት ጀርመንኛ ነው፤ ያዝ፣ ሳብ፣ እጠፍ። ለሌላ ነገር አይበቃም፤ ግን በዚያው ተነጋገርን።

«ገነጠልኩብህ» ብዬ ቅጠሉን ሰጠሁት። የነሱ ሰው ከዚያ ዛፍ አይቆርጥም፤ የወደቀ ቅጠል እንኳ አይረግጡም። ይቆጣል ብዬ ነበር። ተቀብሎ ግንባሩን አስነካውና መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ እንደ ጅራት ይረዝማል።

«ስለዚህ አጠጥተሃታል» አለኝ።

«አጠጥቻለሁ። አሁን ልጠይቅህ። ያቺ ዛፍ አምላክህ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ለምን ትሰግድላታለህ?»

እግሩን አስተካከለ። «መምህራችን፣ ቡድሃ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እውነቱን ሳላገኝ አልነሳም አለ። አገኘው። እኛ ነቃ እንላለን፤ ሰው ከእንቅልፍ እንደሚነቃ። የኔዋ የዚያች ዛፍ ዘር ናት። አንዲት መነኩሲት ቅርንጫፏን በመርከብ ወደ አገራችን አመጣች፤ ከዚያ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እየሆነ ዲቲኮን ደረሰ። እሷን ሳይ ሰው መንቃት እንደሚችል አስታውሳለሁ። የምሰግደው ለዚያ ነው።»

«ከነቃ በኋላስ ምን አደረገ?»

«ተነሳ። ራቅ ብሎ ቆመና ዛፏን አያት። ሰባት ቀን። ዓይኑን ሳይጨፍን።»

«ምን ፈልጎ?»

«ምንም። አስጠልላዋለች። ሊያመሰግን ነው።»

«ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን።»

«ስለ ጥላ?»

«ስለ ጥላ» አለ ሱኒል። «ይበዛል?»

ሃይማኖቱ የሱ ነው፤ እኔ የምቀበለው አይደለም። ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ የአባ ይመርን ነገር ነገርኩት፤ ከሉሁ ጀምሬ እስከ በቅሎው። ለልጄም ነግሬያት አላውቅም። በዚያ ጀርመንኛ ረጅም ሰዓት ወሰደ። ሱኒል ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የቀረውን ለማን ነገርከው?»

«አሁን ላንተ።»

«እኔ እዚያ መንደር አልነበርኩም» አለኝ።

በማግስቱ ውሃ ላጠጣ ስወርድ ሀያት ተከተለችኝ። ጣሳውን እሷ ያዘች። አፈሰሰች። መዳፌን ቀጭኑ ግንድ ላይ አደረግሁ፤ ግንዱ ከእጄ አንጓ አይወፍርም። ጮክ ብዬ፣ እሷ እንድትሰማ፣ «አንቺ ባትኖሪ የት እንቀመጥ ነበር። ያበቀለሽ ይመስገን» አልኩ።

ልጅቷ ጣሳውን ይዛ ቀረች። ደረጃውን ግን እየሮጠች ነው የወጣችው፤ ከኋላዋ ስደርስ በሩ ላይ ሆና እየጮኸች ነው።

«እማ! እማ! አባባ ከዛፍ ጋር ያወራል! አንቺ ይላታል!»

ዘሃራ እጇን በፎጣ እያደረቀች ከወጥ ቤት ወጣች። አየችኝ። ዛፍ ፊት አልቆምም ብሎ ቤቱን ያወከው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። «አባ?» አለችኝ።

ለራሴ አልመሰክርም ልል ነበር። ተውኩት።

«ሀያት፣ ጆሮሽ ደህና ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው የቀረውንም ንገሪያት።»

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች፤ ቃሉ ይከብዳታል። «ያበቀለ... ያበቀለሽ... ይመስገን» አለች። ከዚያ ለእናቷ በራሷ አፍ አስረዳቻት፦ «ሜርሲ ማለት ነው፣ እማ። ግን ለዛፉ አይደለም። ለሠራው ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።